ያለ ዕቅድ ከጓደኞች ጋር ረጅም የሞተር ሳይክል ጉዞ፦ ምኑ ክፍት ይተው፣ ምኑ አስቀድሞ ይወሰን?

ጎዳና

ሰላም ለሁላችሁም። ከጓደኞች ጋር ሆኖ መድረሻ ሳይቆርጡ በሞተር ሳይክል ረጅም መንገድ ስለመውጣት ሲነሣ ሁልጊዜ በሁለት ጎራ እንከፈላለን። አንደኛው ወገን ማደሪያ አስይዞና ሰዓት ቆጥሮ የሚወጣ ሰው ጉዞውን ገና ሳይጀምረው ጨርሶታል ይላል። ሌላኛው ወገን ወዴት እንደሚሄዱ ሳያውቁ በሁለት ጎማ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር መንጎድ በነፍስ መወራረድ ነው ይላል። እኔ ከመጀመሪያው ወገን ነኝ፤ ነገር ግን ወገኖቼ የሚያቀርቡት ክርክር ደስታን ብቻ የሚያወሳ ስለሆነ ደካማ ነው፤ ጠንከር አድርጌ ላቀርበው እፈልጋለሁ።

በአግባቡ የተያዘ ያልታቀደ ጉዞ ከታቀደው የሚሻልበት አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ ነጂውን ከኋላ የሚገፋው ነገር የለም። ማደሪያ ይዞ ገንዘብ የከፈለ ቡድን፣ ከቀትር በኋላ ዝናብ ሲጥል ወይም ከመካከላቸው የአንዱ ጉልበት ሲዝል፣ «የቀረን እኮ ትንሽ ነው» እየተባባለ ጨለማ ውስጥ ይገባል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ነጂው በመብራቱ ዳርቻ ላይ የቆመ እንስሳ አይቶ ፍሬን መያዝ እስኪጀምር ድረስ ብቻ ከ30 ሜትር በላይ ሊያልቅ ይችላል፣ ማቆሚያው ርቀት ገና ሳይታሰብ ማለት ነው። መድረሻ ያልቆረጠ ቡድን በዚህ ሰዓት መንገድ ላይ የሚገኝበት ምክንያት የለውም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በአቅራቢያው ያለው ከተማ መድረሻው ይሆናል፤ ጠዋት ሰማዩ በስተ ምሥራቅ ጠቁሮ ከታየ ወደ ምዕራብ ይዞራል።

ስለዚህ መንገዱ፣ ማደሪያው፣ አቅጣጫው ሳይቀር ክፍት ቢሆን ግድ የለኝም። ክፍት መሆን የሌለበት በሰዎቹ መካከል ያለው ስምምነት ነው፤ በማን ፍጥነት እንደሚኬድ፣ ነዳጅ መቼ እንደሚሞላ፣ በስንት ሰዓት ሞተር እንደሚጠፋ፣ አንዱ «ይብቃኝ» ሲል ምን እንደሚሆን። ይህን ሁሉ ሞተር ከመነሣቱ በፊት ቆመው ተነጋግረው መጨረስ ይቻላል። እናንተ ከመነሣታችሁ በፊት በምን በምን ላይ ትስማማላችሁ? በተለይ በብዛት የምትጓዙትን ለመስማት እጓጓለሁ።

ኋላ ጠባቂ

ወንድሜ ጎዳና፣ በሐሳቡ እስማማለሁ፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚወሰነው ማን ከኋላ እንደሚሆን ነው እላለሁ። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ለመሪው ነው። መንገዱ ክፍት በሆነበት ጉዞ ላይ መሪነቱን በየተራ ማንም ሊይዘው ይችላል፤ የመጨረሻው ነጂ ግን ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ሰው፣ እርሱም ከሁሉም ልምድ ያለው፣ የጎማ መጠገኛውንና የመጀመሪያ እርዳታ መስጫውን የያዘ መሆን አለበት። የወደቀ ወይም የቆመ ሰው ሁሉ ከፊቱ ነው የሚገኘው።

መሪው ራሱ መንገዱን በዚያው ሰዓት እየመረጠ በሚሄድበት ጉዞ ቡድኑን ሳይበታተን የሚያቆይ አንድ የተፈተነ ዘዴ አለ፤ ሥራ ላይ ሲውል እንዴት እንደሚመስል በዝርዝር ላስረዳ። መሪው መገንጠያ ጋ ሲደርስ በእጁ ወደ መንገዱ ዳር ያመለክታል። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ሁለተኛው ነጂ ከኋላ ለሚመጡት ከሩቅ የሚታይና ከመኪና መተላለፊያ ውጪ የሆነ ቦታ መርጦ ይቆማል፤ ለእያንዳንዱ ለሚመጣ ጓደኛ የሚታጠፍበትን ያሳያል፤ የመጨረሻው ነጂ ሲደርስ ብቻ ተነሥቶ ከፊቱ ይገባል። በሚቀጥለው መገንጠያ የሚቆመው በዚያን ሰዓት ሁለተኛ የሆነው ሰው ነው። በዚህ ዓይነት ተራው ራሱ ይዞራል፣ ሁሉም አንዳንድ ጊዜ ከመሪው ኋላ የመሄድ ዕድል ያገኛል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም ሰው ከፊቱ ያለውን ጓደኛውን በዓይኑ መያዝ አያስፈልገውም። ምልክት የሚያሳይ ሰው እስካላየ ድረስ ቀጥ ብሎ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል።

ይህ ዘዴ የሚፈርሰው የቆመው ሰው ትዕግሥት ሲያጣ ነው። ጊዜው ረዘመ ብሎ ቦታውን ከለቀቀ ከኋላው ያሉት ሁሉ ወደ ሌላ አገር ይሄዳሉ። ስለዚህ የእኛ ውል ግልጽ ነው፤ የመጨረሻውን ነጂ በዓይንህ ሳታይ፣ ምንም ያህል ቢዘገይ፣ አትነሣም። የመጨረሻው ሰው የዘገየውም በምክንያት ነውና መሪው በተወሰነ ቦታ ቆሞ ይጠብቃል፤ ካልመጡ ቡድኑ በሙሉ በመጣበት መንገድ ይመለሳል።

አሰላለፉን በተመለከተ፣ ቀጥ ባለና በሚታይ መንገድ ላይ አንዱ በመሥመሩ ግራ፣ ቀጣዩ በቀኝ እየሆነ በሰያፍ መሄድ ጥሩ ነው፤ በሰያፍ ከፊትህ ካለው ቢያንስ አንድ ሰከንድ፣ በቀጥታ ከፊትህ ካለው ሁለት ሰከንድ ትርቃለህ። ኩርባ፣ ዝናብ፣ ጠባብ ወይም የተበላሸ መንገድ ሲመጣ ግን ሰያፉ ይፈርስና ሁሉም አንድ በአንድ ይሰለፋል፣ ኩርባን በሚገባ ለመያዝ እያንዳንዱ ነጂ የመሥመሩ ስፋት በሙሉ ያስፈልገዋልና። ጎን ለጎን መንዳትን ፈጽሞ አልደግፍም።

ሰንሰለት

የሁለታችሁንም ጽሑፍ በደስታ አነበብሁ። እኔ የማክለው ስለ ማሽኑ ነው፤ ድንገት መነሣት የሚችለው ሞተሩ ሁልጊዜ ለመነሣት ዝግጁ የሆነ ሰው ብቻ ነውና።

ጎማ የሚለካው ከጉዞ በፊት በብርዱ ነው፤ ከተነዳ በኋላ አየሩ ስለሚሞቅ ልኬቱ ከፍ ብሎ ይታይና ያታልላል። ሻንጣ ወይም ሰው ከተጫነ አምራቹ ለጭነት የወሰነው ከፍ ያለ ልክ መሞላት አለበት፤ አየር ያነሰው ጎማ ጎኑ ከልክ በላይ እየታጠፈ ይሞቃል፣ ረጅም መንገድ ላይ የሚበላሸውም በዚህ ምክንያት ነው። ሰንሰለት ከ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ ቅባት ይፈልጋል፤ ዝናብ ወይም አቧራ ካገኘው ደግሞ ከዚያ ቀድሞ። ቅባቱ የሚቀባው ማታ፣ ሞተር እንደቆመ፣ ሰንሰለቱ ገና ሙቅ ሳለ ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ውስጥ ይገባል፣ እስኪነጋም ይረጋል፤ ጠዋት ተቀብቶ ወዲያው የተነዳ ግን አብዛኛው በኋላ ጎማው ላይ ይረጫል። ሰንሰለቱ ከታች በኩል መካከሉ ላይ በጣት ሲገፋ ወደ ላይና ወደ ታች የሚኖረው ጨዋታ በአብዛኞቹ የአስፋልት ሞተሮች ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለፒስታ የተሠሩት ከዚያ የላላ ይፈልጋሉ፤ ትክክለኛው ልክ በየሞተሩ መመሪያ ላይ ይገኛል። ከመጠን በላይ የጠበቀ ሰንሰለት ከላላው የባሰ ነው፤ ጭነት ተጨምሮ የኋላው ሲወርድ ይበልጥ ይወጠርና የማርሽ ሳጥኑን ዘንግ ይጎዳል።

መሣሪያን በተመለከተ ሁሉም ሁሉንም መያዝ የለበትም። የቡድኑ ሞተሮች የሚፈቱባቸውን መፍቻዎች በዓይን አይቶ አንድ ስብስብ ማዘጋጀት ይበቃል። የጎማው ጉዳይ ግን የየራስ ነው፤ የውስጥ ጎማ የሌለው ከሆነ መውጊያና መድፈኛው፣ የውስጥ ጎማ ያለው ከሆነ መለዋወጫው የውስጥ ጎማና ማውለቂያ ብረቶቹ ከባለቤቱ ጋር ይሁኑ፤ የአንዱ ለሌላው ልክ አይሆንም። የፍሪሲዮን ገመድ ያላቸው ሞተሮች መለዋወጫ ገመድ ቢይዙ ክብደቱ ከምንም አይቆጠርም።

አሁን ወደ ነዳጁ ልምጣ። መንገዱ በማይታወቅበት ጉዞ ላይ ነዳጅ የሚሞላው ሩቅ መሄድ በማይችለው ሞተር ልክ ነው፤ ይህ ሞተር ደግሞ ሁልጊዜ ትንሹ አይደለም። 12 ሊትር የሚይዝና በ100 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር የሚበላ ሞተር 400 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ 15 ሊትር የሚይዝና 6 ሊትር የሚበላው ትልቁ ሞተር 250 ላይ ይቆማል። ቀጣዩ ማደያ የት እንዳለ ካልታወቀ ደንቡ ግማሽ ነው፤ ሩቅ የማይሄደው ሞተር ግማሽ ላይ ሳይደርስ ሁሉም ይሞላሉ ወይም ይመለሳሉ፤ ከግማሽ በላይ ያለው ሰው ቢያንስ መጨረሻ ወደ ሞላበት ቦታ ለመመለስ ይችላልና። ፍጥነትንም አትርሱ። የነፋስ ግፊት ከፍጥነት ጋር በካሬ ያድጋል፤ ከ90 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ያሳደገ ሰው የሚገፋውን ነፋስ ወደ 1.8 እጥፍ ያህል አብዝቶታል፣ ነዳጁም በዚያው ያልቃል።

ነፃ ነፋስ

ወንድሞቼን በማክበር የተለየ ሐሳብ ላቅርብ። ጎዳና «ክፍት ይሁን» ብሎ ጀመረ፤ እስካሁን ግን የተጨመረው ሁሉ ደንብ ነው። የፊት ሰው፣ የኋላ ሰው፣ የነዳጅ ግማሽ፣ የመፍቻ ስብስብ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ የሚወጣ ጉዞ ያልታቀደ ነው ማለት ይከብደኛል።

በ1952 እ.ኤ.አ. ኤርኔስቶ ጉቬራና ጓደኛው አልቤርቶ ግራናዶ በአንዲት አሮጌ 500 ሲሲ ኖርተን ሞተር ከአርጀንቲና ሲነሡ ማሽኗ ለዚያ መንገድ የምትበቃ አልነበረችም። ብዙ ጊዜ ወደቀች፣ ብዙ ጊዜ ተሰበረች፣ ቺሊ ላይ ጨርሳ ቀረች። ሁለቱ ሰዎች ግን በጭነት መኪና እየተሳፈሩ፣ በመርከብና በጀልባ እየተጓዙ እስከ ቬኔዝዌላ ዘለቁ። ከዚያም በፊት፣ በ1916፣ ኦገስታና አደላይን ቫን ቡረን የተባሉ ሁለት እህትማማቾች በየራሳቸው ኢንዲያን ሞተር ከኒው ዮርክ ተነሥተው አሜሪካን አቋርጠው ካሊፎርኒያ ሲደርሱ፣ የምዕራቡ መንገድ አብዛኛው አስፋልት ያላየ ነበር፤ ሴት ሆነው ሱሪ በመልበሳቸው እንኳ በፖሊስ ተይዘዋል። እነዚህ ሰዎች የሚመጣውን እንዳመጣጡ ተቀብለው ባይሄዱ ኖሮ እዚያ አይደርሱም ነበር።

እኔ የምፈራው ስምምነት ሲበዛ ሰው ዓይኑን ከመንገዱ አንሥቶ በስምምነቱ ላይ እንዳያሳርፍ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ስንወጣ አንዳችን የሌላውን ሁኔታ አይተን እንረዳለን፤ ሲርበን እንቆማለን፣ ሲደክመን እንተኛለን። ይህ እምነት በደንብ ሊተካ አይችልም።

ጎዳና

እህቴ ነፃ ነፋስ፣ ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በዪ። ጉቬራና ግራናዶ ሁለት ነበሩ። የቫን ቡረን እህትማማቾችም ሁለት ነበሩ። በሁለት ሰዎች መካከል ያለው ግንኙነት አንድ ብቻ ነው፤ ዞር ብሎ ማየት ይበቃል። ሦስት ሲሆኑ ሦስት፣ አራት ሲሆኑ ስድስት፣ ስድስት ሰዎች ሲሆኑ ደግሞ በመካከላቸው አሥራ አምስት ግንኙነት ይኖራል። ያን ጊዜ «አይተን እንረዳለን» የሚለው እምነት የሚሠራው በቅርብ ለሚተዋወቁት ብቻ ነው፤ ከመካከላቸው ዝምተኛው፣ አዲሱ ወይም ይሉኝታ የሚያጠቃው ሰው ሳይታይ ይቀራል። እኔ የምፈልገው ደንብ ለእርሱ ነው። ሁለት ሆነሽ ስትወጪ የዚህ ሁሉ ግማሽ አያስፈልግሽም፤ በዚህ ትክክል ነሽ።

ደግሞም የኖርተኗን ታሪክ በሌላ በኩል እዪው። ማሽኗ ስትሞት ጉዞው ያልሞተው ሁለቱም ያለ ሞተር መቀጠልን ስለወደዱ ነው። አንዱ «እኔ እመለሳለሁ» ቢል ኖሮ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር። ብዙ ሆነን ስንሄድ «አንዱ ሞተር ቢሞት ምን እናደርጋለን?» የሚለው ጥያቄ መንገድ ዳር፣ በድካምና በንዴት መካከል ባይመለስ እመርጣለሁ።

ቀይ ሻንጣ

በሙያዬ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ፤ ሞተርም እነዳለሁ። ከጤና አንጻር ጥቂት ልበል።

ያልታቀደ ጉዞ ትልቁ ጠላት የሚነሣበት ሰዓት ነው። «ዛሬ ከሥራ በኋላ እንውጣ» የተባባሉ ጓደኞች ሲነሡ ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ የዋሉ ናቸው። ለ17 ሰዓታት ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃትና የምላሽ ፍጥነት በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በጥናት ተረጋግጧል፤ 24 ሰዓት ሲሞላ ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። ጠዋት በ12 ሰዓት ከእንቅልፉ የተነሣ ሰው ማታ በ5 ሰዓት 17 ሰዓት ሞላው ማለት ነው። ስለዚህ ድንገተኛው ውሳኔ ማታ ቢሆንም መነሻው ንጋት ላይ ይሁን። አንድ ሌሊት መተኛት ጉዞውን የታቀደ አያደርገውም።

ብርድም ከድካም ያልተናነሰ ነው። የአየሩ ሙቀት 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለሚሄድ ሰው ነፋስ የሚያገኘው ገላው የሚሰማው ቅዝቃዜ 4 ዲግሪ ገደማ ነው። ጣት ሲደነዝዝ ፍሬን የመያዝ ልክ ይጠፋል፤ ሰውነት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ማሰብም ይዘገያል፣ የቀዘቀዘው ሰው ራሱ ግን ይህ አይታወቀውም። የነፋሱ ጩኸትም እንዲሁ ነው፤ በአውራ ጎዳና ፍጥነት በሄልሜት ውስጥ ከ90 ዴሲቤል በላይ ስለሚደርስ የጆሮ መድፈኛ ማድረግ መስማትን ከመጠበቁም በላይ ድካምን በእጅጉ ይቀንሳል። ሄልሜትማ ክርክር የለውም፤ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ በአደጋ ጊዜ የሞት ዕድልን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከተከራዩት ወይም ከተዋሱት ይልቅ የራስ ልክ የሆነ ይሁን።

አንድ ነገር ግን ሁላችሁም በቃላችሁ እንድትይዙት እለምናለሁ። ጓደኛችሁ ቢወድቅ ሄልሜቱን አታውልቁ፤ የአንገት አጥንት ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የሚመጡትን መኪናዎች ከሁለቱም አቅጣጫ የሚያስቆም ሰው ይሂድ፤ ሌላው እርዳታ ይጥራ። የወደቀው ሰው የሚናገር ከሆነ ከነሄልሜቱ ራሱን ሳያንቀሳቅስ እንዲቆይ፣ የፊት መስታወቱ ብቻ እንዲነሣለት አድርጉ። ሄልሜቱ የሚወልቀው ትንፋሽ ከሌለው ወይም የአየር መተላለፊያው ከተዘጋና በሌላ መንገድ መክፈት ካልተቻለ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም በሁለት ሰው ነው። አንዱ ከራስጌ ሆኖ ሄልሜቱን ከግራና ከቀኝ ይዞ እንዳይነቃነቅ ያደርጋል፣ ሁለተኛው ማሰሪያውን ይፈታና አገጩንና ማጅራቱን ደግፎ ይይዛል፣ ከዚያ የመጀመሪያው ጎንና ጎኑን ወደ ውጭ ከፈት እያደረገ በዝግታ ይስባል። ይህን አንድ ጊዜ ማደሪያችሁ ውስጥ በጤነኛ ጓደኛ ላይ ተለማመዱት።

ኋላ ጠባቂ

ቀይ ሻንጣ እግዚአብሔር ይስጥዎት። ድካምን በተመለከተ ከኋላ የሚነዳ ሰው የሚያየውን ልጨምር፤ ደክሞኛል ብሎ የሚናገር ሰው ጥቂት ነው፣ ሞተሩ ግን ቀድሞ ይናገራል።

በአንድ ረጅም ቀን ማብቂያ ላይ ከፊቴ የነበረው ጓደኛዬ ከታጠፈ በኋላ ፍሬቻው ሳይጠፋ ብዙ መንገድ ሄደ። አንድ ጊዜ ከሆነ መርሳት ነው ብዬ አለፍሁት። ቀጥሎ ኩርባ ውስጥ ፍሬን ሲነካ መብራቱ በራ፤ ጠዋት ግን እነዚያን መሰል ኩርባዎች ፍሬን ሳይነካ በማርሽ ብቻ እየተቀበለ ነበር የሚያልፋቸው። ከዚያ ለመቆም ስንቀርብ እግሩን ያወረደው ሞተሩ ከቆመ በኋላ ነው፤ ትንሽ ዘንበል አለና በጉልበት አስተካከለው። መብራቴን አብርቼና አጥፍቼ ወደ መሪው ምልክት አስተላለፍን፤ ከዚያ በኋላ የነበረው ከተማ ላይ አደርን። ጓደኛዬ ደኅና ነኝ ብሎ ነበር፤ ራት ሳይበላ ነው እንቅልፍ የወሰደው። እነዚህን ሦስት ነገሮች፣ ያልጠፋ ፍሬቻ፣ ያለ ቦታው የሚበራ የፍሬን መብራት፣ ዘግይቶ የሚወርድ እግር፣ በጓደኞቻችሁ ላይ ፈልጓቸው።

አዲስ ነጂ

ጤና ይስጥልኝ። ጽሑፋችሁን ሁሉ አነበብሁ። የእኔ ሞተር 125 ሲሲ ናት፤ ጓደኞቼ ከ400 እስከ 800 ሲሲ የሚሆኑ ሞተሮች አሏቸው። ካለኝ ልምድ ውስጥ አብዛኛው የከተማ ነው። በሚመጣው ረጅም ዕረፍት «አብረን እንውጣ፣ የት እንደምንደርስ መንገዱ ያውቃል» ብለውኛል። መሄድ በጣም እፈልጋለሁ፤ ሸክም እንዳልሆንባቸው ግን እሰጋለሁ። እምቢ ልበል ወይስ ልሂድ?

ረጋ ያለ

ልጄ፣ ይህ ጥያቄ ለእኔ የዚህ ሁሉ ውይይት እምብርት ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ።

የመጀመሪያው ነገር ሞተርህ ለረጅም መንገድ ትበቃለች። ሰዎች ከዚህም ባነሰ ሞተር አህጉር አቋርጠዋል። የእርሷ ምቹ ፍጥነት በሰዓት ከ70 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በዚያ ፍጥነት ቀኑን ሙሉ ሳትጨነቅ ትሄዳለች፣ ነዳጅም አታባክንም። የምትጨነቀው ዳገት ላይ ነው። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ማንኛውም ሞተር ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ጉልበት ያጣል፤ 80 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ይህን አይቆጥረውም፣ 11 የፈረስ ጉልበት ላላት ሞተር ግን ከአንድ ማርሽ ወደ ታች መውረድ ማለት ነው። ስለዚህ ሰፊውንና ፈጣኑን አውራ ጎዳና ትታችሁ በሁለተኛ ደረጃ መንገዶች ብትሄዱ ልዩነታችሁ ይጠባል፤ መንገዱ ክፍት መሆኑ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅምህ።

ሁለተኛው ነገር ጓደኞችህን አንድ ጥያቄ ጠይቃቸው። «በእኔ ፍጥነት ለመሄድ ፈቃደኛ ናችሁ ወይ?» በላቸው፤ በግልጽ፣ ሁሉም ባሉበት፣ ከመነሣታችሁ በፊት። «ችግር የለም፣ እንጠብቅሃለን» ካሉህ ይህ መልስ አይበቃም። መጠበቅና በአንተ ፍጥነት መሄድ ይለያያሉ። የሚጠብቅ ቡድን በፍጥነት ሄዶ ይቆማል፣ ሄልሜቱን አውልቆ ሻይ ይጠጣል፤ አንተ ስትደርስ እነርሱ አርፈው ጨርሰዋልና ወዲያው ይነሣሉ። እንዲህ ሲሆን ከሁሉም በላይ የሚደክመው ሰው ከሁሉም ያነሰ ዕረፍት ያገኛል። ቀኑ ሲመሽ ያ ሰው ከአቅሙ በላይ እየነዳ ነው፣ ማንም ክፉ ሳያስብለት። በሰዎች መካከል ያየሁት የከፋው የሞተር ጉዞ አደጋ መንስኤ ፍጥነት ወዳድነት አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ሰው ጓደኞቹን ላለማስቆም ብሎ ሊይዘው የማይችለውን ኩርባ ይገባበታል፣ ዓይኑን ከፊቱ ካለው ጓደኛ ጎማ ላይ ተክሎ መንገዱን ማየት ይተዋል፤ ሞተር ደግሞ ዓይን ወዳየበት ነው የሚሄደው።

በእርግጥ ከፈቀዱልህ ሂድ፤ ሸክም አትሆንም። በዝግታ የሄደ ቡድን ይበልጥ ያያል፣ ይበልጥ ያወራል። ካልፈቀዱም አትቀየማቸው፤ ወንድማማችነት የሚለካው በዚህ አይደለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ጓደኛ ጋር አጭር መንገድ ውጣ።

ሦስተኛው ነገር የመመለስ መብትህ ነው። ቡድናችሁ «ማንም ሰው በማንኛውም ሰዓት፣ ምክንያት ሳይጠየቅ፣ እመለሳለሁ ማለት ይችላል፤ አንድ ሰውም አብሮት ይመለሳል» ብሎ ይስማማ። አብሮ የሚመለሰው ሰው አስቀድሞ ቢታወቅ መልካም ነው፤ አለበለዚያ መመለስ የፈለገው ሰው የሌላውን ደስታ የሚያበላሽ መስሎት ዝም ይላል። ገንዘብም እንዲሁ ነው። ክፍት ጉዞ ወጪው አይታወቅም፤ ሁሉም እኩል የሚያዋጡት የጋራ ኪስ ይኑርና ነዳጅ ከዚያ ይከፈል፣ ማደሪያ ሲመረጥ ከሁሉም ያነሰ አቅም ያለው ሰው በሚችለው ልክ ይመረጥ።

ነፃ ነፋስ

የረጋ ያለን መልስ ካነበብሁ በኋላ አንድ ነገር እቀበላለሁ፤ የመመለስ መብት በግልጽ መነገር አለበት። እኔና ጓደኞቼ ይህን በልባችን እንደምናውቀው እንቆጥረው ነበር፤ አዲስ ሰው ሲጨመር ግን በልብ ያለው ነገር እንደማይበቃ ታየኝ። በቀረው አቋሜን አልለቅም። አስቀድሞ የሚወሰነው ማደሪያ የሚመረጥበት ሰዓት እንጂ ማደሪያው፣ ነዳጅ የሚሞላበት ልክ እንጂ መንገዱ አይደለም፤ መንገዱም በስልክ ላይ በቀስት መመራት የለበትም። ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አውርዶ ኪስ ውስጥ ማስቀመጥ በቂ ነው፤ ለክፉ ቀን ይወጣል።

ሰንሰለት

በዚህስ ከነፃ ነፋስ ጋር ነኝ። የምጨምረው ስለ መጥፋት ብቻ ነው፤ ስልክ የማይሠራበት ቦታ ብዙ ነው። ከቡድኑ የተነጠለ ሰው ሁሉም በአንድነት ወደነበሩበት የመጨረሻ ቦታ ይመለስና እዚያ ይጠብቅ። ሁለት ሰዎች አንዱ ሌላውን ለመፈለግ ከተንቀሳቀሱ አይገናኙም።

አዲስ ነጂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ በተለይ አባቴ ረጋ ያለ ጊዜ ወስደው ስለመለሱልኝ። ጥያቄውን ቃል በቃል ጠየቅኋቸው። አንዱ ጓደኛዬ ወደ ሌላ አቅጣጫ በፍጥነት መሄድ እንደሚፈልግ በግልጽ ነገረኝና ለብቻው ወጣ፤ ሌሎቹ ሁለቱ በ75 ለመሄድ ተስማምተዋል። ንጋት ላይ እንነሣለን። የመጨረሻ ጥያቄ፦ በሰልፉ የት ልሁን? ሻንጣዬንስ እንዴት ልጫን?

ኋላ ጠባቂ

በሦስት ሰው ሰልፍ መካከለኛው አንተ ነህ። ከፊት ያለው በስፖኪዮው አንተን እያየ ፍጥነቱን በአንተ ይለካል፤ ከኋላ ያለው ደግሞ ከኋላ የሚመጣው መኪና እንዳያጣድፍህ ይጠብቅሃል። መኪና ለመቅደም ስትፈልግ ከፊትህ ያለው ስላለፈ ብቻ አትለፍ፤ የእርሱ ሞተር በሦስት ሰከንድ የሚጨርሰውን ያንተ በአሥር ሰከንድ ነው የሚጨርሰው፣ ስለዚህ መንገዱን ራስህ አይተህ ወስን።

ከባዱን ዕቃ ወደ ታችና ወደ መካከል፣ በሁለቱም ጎን እኩል አድርገህ ጫን፤ ከመቀመጫው ኋላ ከፍ ብሎ የሚቀመጠው ቀላሉ ልብስ ይሁን። የዝናብ ልብስህን ከሁሉ በላይ አድርገው፤ ዝናብ እንደጀመረ ያሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ዘይትና አቧራው ከውኃው ጋር ስለሚቀላቀል ከሁሉም የሚያንሸራትቱት ናቸው፣ ያን ጊዜ መንገድ ዳር ቆመህ ብትለብስ አንድም ነገር አይቀርብህም። የማሰሪያ ገመድ ጫፍ ወደ ጎማው ወይም ወደ ሰንሰለቱ እንዳይወርድ ጠቅልለህ እሰር፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄድህ በኋላ ቆመህ እንደገና አጥብቀው፣ ጭነት መጀመሪያ ላይ ይረግባልና።